ያልተንሸራተትኩበት መቀመጫ

አባዬ እግሬን ያሰረኝ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነኝ ነው። አንዱን ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ አንዱን ጉልበቴ ላይ፣ እማዬ ከስፌት በተረፋት ቁራጭ ጨርቅ። ይህን ለሰው ሳወራ ሰሚው ዓይኑ ይፈጥጣል፤ ስለዚህ ቶሎ ብዬ እቀጥላለሁ። ከትምህርት ቤት እየበረርኩ መጥቼ «እሰረኝ» የምለው እኔው ራሴ ነበርኩ። በልጅነቴ እንደነዚያ ሦስት ሳምንታት ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። ምን እየሠራሁ እንደነበር የገባኝ ግን ቆይቶ ነው፣ በጣም ቆይቶ።

አባቴ በያጅ ነበር። የሚሠራበት ሰፊ ክፍል ከቤታችን ጋር በአንድ በር ይገናኛል። በር፣ መስኮትና የበረንዳ አጥር ይሠራል። ከበሩ ወዲህ ደግሞ እናቴ ልብስ ትሰፋለች። እዚያ የብረት መፍጫው እያፏጨ፣ እዚህ የስፌት መኪናው እየተንደቀደቀ፣ እኛ ቤት ሳይጮህ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ከእህቴ በቀር።

እህቴ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ከተወለደች ጀምሮ እግሯም ወገቧም አይታዘዛትም፤ ዊልቸሯ ላይ የምትቀመጠው እማዬ በሰፋችላት ቀበቶ ደረቷን ታስራ ነው። አንደበቷም ይዘገያል። አንድ ነገር ተናግራ እስክትጨርስ እኔ ጓሮ ደርሼ እመለስ ነበር። ስለዚህ ሁላችንም እንጨርስላት ነበር። «ው» ስትል «ውኃ»፣ «ይ» ስትል «ይበቃኛል»። ደግ የሆንን ነበር የሚመስለን። ዝም ብላ ሁሉን ስለምታይ አባዬ «ዳኛዋ» ይላታል። እኔን ደግሞ «ጦጢት» ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በዚያ ዓመት እህቴ እኔ የምማርበት ትምህርት ቤት ገባች። በሁለተኛው ወር አንዲት ረዳት መምህርት አንጀቷን በልታት አንስታ የግቢው ዥዋዥዌ ላይ አስቀመጠቻት። ወደቀች፤ አገጯ ተተረተረ። ከዚያ ወዲያ ሌላው ልጅ ለእረፍት ሲወጣ እሷ ክፍል ውስጥ ትቀራለች፤ በሩም ይዘጋል። እኔ ከመስኮቱ ስር ገመድ ስዘል አናቷ ብቻ ይታየኛል።

ከዚያ ዳይሬክተሯ አባዬንና እማዬን ጠራቻቸው። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ እሰማለሁ።

«ጨክኜ እንዳይመስላችሁ» አለች። «ግን ልጅ ዘግቼበት ዓመት መድፈን አልችልም። እሷ ልትጫወትበት የምትችል አንድ ነገር ግቢው ውስጥ ከሌለ፣ ከሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ እቤት ብትሆን ይሻላል።»

«እኔ እሠራዋለሁ» አለ አባዬ።

«ምኑን?»

«ዥዋዥዌውን። እሷ የምትቀመጥበት።»

ዳይሬክተሯ ከማዘጋጃ ቤት ኢንጂነር መጥቶ ሳይፈርም አንዲት ቡሎን ግቢዋ እንደማትገባ ነገረችው። ወሰነ ትምህርቱ ሊያልቅ የቀረው አንድ ወር ተኩል ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት እማዬ የስፌት መኪናዋን አቆመች። እሷ መኪና ካቆመች ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«ሠርተህ ትጨርሳለህ፣ ሰውየው መጥቶ ያየዋል፣ ያኔ ትቀመጥበታለች» አለችው። «ከዚያ በፊት ልጄን መሞከሪያ አታደርጋትም። አንዴ ተተርትራለች፣ ይበቃታል።»

«ሳልሞክረው ምኑን አውቄ?»

«እኔ እንጃልህ። በሌላ ሞክረው።»

አባዬ ዞር ዞር ብሎ አየ። እኔ ያላለቀ የመስኮት ፍሬም ላይ ተንጠልጥያለሁ።

«ጦጢት» አለኝ። «እስቲ ውረጂና ነይ።»

ሁሉም የተጀመረው እንዲህ ነው። አባዬ ከቱቦ ብረት ሁለት እግር አቆመ፣ ከላይ በአግድም ወፍራም ቱቦ በየደው፣ እንዲወዛወዝ ኩሽኔታ አስገባበት፤ ከዚያ ላይ በአራት ሰንሰለት መቀመጫውን አወረደ። መቀመጫው ላሜራ ነው፤ ስፖንጅ ተደርጎበት ሸራ ለብሷል። መደገፊያ አለው፤ በደረት በኩል የሚታሰር የእማዬ ቀበቶም አለው። እግሬን አሰረና ተሸክሞ አስቀመጠኝ።

«አሁን አንቺ እህትሽን ነሽ» አለኝ። «እግር የለሽም። ወገብ የለሽም። ዝልፍልፍ በይ።»

ከዚያ ገፋኝ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር ጊዜ። አቁሞ ከጎን አጎንብሶ ዳሌዬ የት እንደደረሰ በሜትር ለካ።

«ተንሸራተትሽ?»

«አልተንሸራተትኩም።»

«ጎበዝ» አለኝና አናቴን ዳበሰኝ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኔ በትምህርት ከኋላ ነበር የምቆጠረው። በሒሳብ የተነሳ የአባዬን ፊት ለማየት ያፈርኩበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን ግን ይኸው ማለፍ የምችለው ፈተና ተገኘ። ያውም ቀላል። አለመንሸራተት። እኔ ከያዝኩ እህቴ ትምህርቷን ትቀጥላለች፣ እኔ ካመለጠኝ እቤት ትቀመጣለች፤ በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩ ይኸው ነበር። የሚፈተነው መቀመጫው መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ለእነሱ ግልጽ ስለነበር ይነገራት ብሎ ያሰበም አልነበረም።

ስለዚህ ያዝኩ። እግሬ ቢታሰር ሆዴ አልታሰረም። ዥዋዥዌው ወደፊት ሲሄድ ሆዴን እንደ ድንጋይ አጠነክረዋለሁ፣ ጀርባዬን ከመደገፊያው አጣብቃለሁ፣ ክርኔን ሰው ሳያይ ቀበቶው ስር እሸጉጣለሁ። ፊቴን ግን ዝልፍልፍ አደርገዋለሁ፤ ምላሴን ሁሉ አውጥቼ ነበር። አባዬ ሰንሰለቱን አስረዘመ፣ አሳጠረ፣ መደገፊያውን ከፍ አደረገ። እኔ ንቅንቅ የለም። በሁለተኛው ሳምንት ሆዴን ያመኝ ጀመር፤ ሳስል ያመኛል፣ ስስቅ ያመኛል። እማዬ «ትል ነው» ብላ ያንን መራራ መድኃኒት ጋተችኝ። እሱንም ችዬ ዋጥኩ።

እህቴ በሁለቱ ክፍሎች መሀል ካለው በር ላይ ዊልቸሯን አስቁማ ታየናለች። አንድ ቀን አፏን ከፈተች።

«እሷ… ት…»

«ትችላለች፤ አዎ፣ ታያታለሽ አይደል?» አለ አባዬ፣ መፍጫውን እያስነሳ።

በሌላ ቀንም ሞከረች። «እሷ… ት…»

«ትፈራለች? ኧረ አትፈራም፣ እንኳን እሷ አንቺም አትፈሪም» አለች እማዬ ከማዶ።

እኔ ግን ቅናት መሰለኝ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እማዬ የእሷ ነበረች። ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ማንሳት፣ ማስተኛት፣ ሁሉም ለእሷ። አሁን አባዬ የኔ ሲሆን ዓይኗ ቀላ፣ በቃ፤ የማስበው ይህን ነበር። ጠዋት ጠዋት ከአንድ አልጋ ስንነቃ ትንፋሿን አፍና፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ጣራውን ስታይ አገኛታለሁ። በንዴት ይመስለኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የነገረችኝ። ሆዷን ማጠንከር እየተለማመደች ነበር። የኔን አይታ፣ እኔ ከያዝኩ እሷም መያዝ አለባት ብላ፣ የማይታዘዛትን ሆድ በየጠዋቱ ትለምነው ነበር። ይህን ስትነግረኝ እንባዬ መጣ፤ እሷ ደግሞ «አሁን ምን ያስለቅስሻል፣ ያኔ ብታለቅሺልኝ ይሻል ነበር» አለችኝ።

ኢንጂነሩ የሚመጣበት ሐሙስ ደረሰ። አባዬ በዚያ ሳምንት የሌላ ሰው ሥራ አልነካም፤ አንድ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ «የኔ በር የት ደረሰ?» ብሎ ጮኾ ሄዷል። እማዬን ሁለት ጊዜ መርፌ ጣቷን ወጋት፤ እሷን መርፌ ሲወጋት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኢንጂነሩ ቀጭን፣ ኮቱ የሰፋው፣ ብረት ሳይነካ የማያልፍ ሰውዬ ነበር። ዳይሬክተሯ ከኋላው ቦርሳዋን ታቅፋ ቆመች። ሰንሰለቱን ጎተተ፣ ብየዳውን በጥፍሩ ፋቀ፣ ኩሽኔታውን በጆሮው አዳመጠ።

«ሥራው ጥሩ ነው» አለ። «በማን ሞከሩት?»

«በታናሿ» አለ አባዬ።

ኢንጂነሩ ቁልቁል አየኝ። «ይቺ እኮ እግር ያላት ናት።»

«አስሬ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን አልተንሸራተተችም።»

«እስቲ ልየው።»

እኔ ማንንም አልጠበቅኩም። ጨርቄን ራሴ አሰርኩ፤ ጉልበቴ ላይ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ ድርብ ቋጠሮ። አባዬ አንስቶ አስቀመጠኝ፣ ቀበቶውን አጠበቀልኝና ገፋኝ። ሆዴ ያመኛል። ያዝኩ። ኢንጂነሩ ከጎን አጎንብሶ ቆጠረ፤ ሃያ ጊዜ ሄጄ ሃያ ጊዜ ተመለስኩ፤ አንዲት ጣት አልተንሸራተትኩም። ቀና ብሎ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሱ ነቀለ።

«እንግዲህ ባለቤቷም ትቀመጥና እንፈርም» አለ።

አባዬ ወደ እህቴ ሄደና የዊልቸሯን ቀበቶ ሊፈታ ጎንበስ አለ። እህቴ እጁን ያዘችው።

«አይዞሽ፣ አትፍሪ» አለ አባዬ።

እህቴ እሱን አላየችውም። እኔን ነው የምታየኝ። ከዚያ አንዲት ቃል ተናገረች፤ አንገቷ ተወጥሮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

«ኮርኩሯት።»

ዳይሬክተሯ «ምን አለች?» አለች። እህቴ ደገመችው። «ኮርኩሯት።»

አድገን ጠይቄያት አውቃለሁ፤ ያን ሁሉ ቀን ዝም ብለሽ ከርመሽ ለምን ያን ጊዜ፣ ለምንስ በዚያ ቃል? «‹እሷ ትይዛለች› ልል ስጀምር ትጨርሱልኝ ነበር» አለችኝ። «ያችን ግን ከአፌ ሳትወጣ ማንም ሊገምታት አይችልም።»

አባዬ ፈገግ አለ። ልጆቹ በእንግዳ ፊት ሊቀልዱ የፈለጉ መስሎት ይሆናል፣ ወይም ደግሞ ሳምንት ሙሉ የታፈነ ትንፋሽ ሊተነፍስ ፈልጎ ይሆናል፤ መጣና ዥዋዥዌውን በቀስታ ገፍቶ ሁለት ጣቱን ጎኔ ላይ አደረገ። እኔ ደግሞ ገና ጣት ሳይነካኝ የምስቅ ልጅ ነኝ።

ሆዴ ከዳኝ። ሳቄ ሲፈነዳ ሰውነቴ እንደ ጆንያ ተዘረገፈ፤ ዳሌዬ ሸራው ላይ ሸርተት ብሎ ወደፊት ሄደ፣ ክርኔ ተነቀለ፣ የደረቴ ቀበቶ በብብቴ አልፎ አገጬ ስር ገባ። እግሬ ታስሯል፤ መሬት ላቆመው አልቻልኩም። ሳቁ በመሀል ተቆረጠ። አየር የለም። ጣሪያው ላይ ያለችውን አንዲት ቀዳዳ አስታውሳለሁ፤ ብርሃን የምታስገባውን። ከዚያ የአባዬ እጅ ከስር አነሳኝ፤ ቀበቶውን መፍታት አቅቶት በመቀስ ቆረጠው።

መሬት ላይ አስቀመጠኝ፤ እያሳለኝ እማዬን ፈለግኳት። እማዬ ወደ እኔ እየሮጠች ነበር፤ ግን አለፈችኝ። በአጠገቤ አልፋ እህቴ ጋ ደረሰችና በሁለት እጇ አንገቷን ያዘቻት፤ ዙሪያውን ዳበሰችው፣ የታነቀችው እሷ ይመስል።

የታነቅሁት እኔ፣ የምትታቀፈው እሷ። ለዓመታት ይህችን ቂም ይዤባት ኖሬአለሁ። ዛሬ የራሴን ልጅ ሳሳድግ ነው የገባኝ። እኔ ደህና መሆኔን ዓይታለች፤ እያሳለኝ ነበርና። ያየችው ከአንድ ደቂቃ በኋላ እህቴ ላይ ሊደርስ የነበረውን ነው።

ኢንጂነሩ የእስክሪብቶውን ክዳን መልሶ ገጠመ።

«አልፈርምም» አለ።

«እንግዲህ…» ብላ ዳይሬክተሯ ቦርሳዋን አስተካከለች። አባዬ መቀሱን እንደያዘ ቆሟል። ፊቱ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ፈተናውን የወደቅኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ ከትምህርት ቤት የምትወጣው በእኔ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ አይ፣ የጣለችኝ ራሷ ናት አልኩ። «ጠላሁሽ» አልኳት ጮክ ብዬ። ማንም አልሰማኝም።

አባዬ መቀሱን ጥሎ እህቴ ፊት ተንበረከከ።

«ታውቂ ነበር» አላት።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ምኗ ነው የሚይዛት?»

«ሆ…ዷ።» ትንፋሽ ወሰደች። «የ…ኔ… ሆድ…»

«የአንቺ ሆድ አይ…» ብሎ አባዬ ሲጀምር እማዬ እጇን አፉ ላይ ጫነችበት።

«ዝም በል» አለችው። «ትጨርስ።»

ጠበቅን። ኢንጂነሩም ዳይሬክተሯም ቆመው ጠበቁ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ ቢባል አምናለሁ፤ አምስት ደቂቃም ላይሞላ ይችላል። እህቴ የተናገረችው ይህ ነው፦ ሆዷ አይይዝም፤ መቀመጫው ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ማለት አለበት፤ በጭኖቿ መሀልም የሚያግዳት ነገር ያስፈልጋል። ደግሞም እኔን ዳግም እዚያ ላይ እንዳያስቀምጡኝ ነገረቻቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ ሥራውን በጭንቅላቷ ስትሠራው ከርማለች።

ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየ። «ማክሰኞ በዚህ ሰዓት እመለሳለሁ። እሷ ተቀምጣበት ካልተሞከረ ግን አልመጣም» አለ፤ ሲናገር የሚያየው እማዬን ነው።

እማዬ ገብታ የራሷን ፍራሽ ከአልጋው ጎትታ አመጣችና ከዥዋዥዌው ስር አነጠፈችው።

እነዚያ አምስት ቀናት ለእኔ መከራ ነበሩ። እህቴ ተቀመጠች፣ ተንሸራተተች፣ እማዬ እጅ ላይ ወደቀች፤ «ከፍ» አለች፣ አባዬ ቆርጦ በየደ፤ ደግማ ወደቀች። እህቴ በወደቀች ቁጥር እማዬ ከንፈሯን ትነክሳለች እንጂ «ይበቃል» አትልም። «ተንሸራተትሽ?» ሲላት እህቴ «አዎ» ትላለች፤ አባዬ ደስ ይለዋል። ይህ እኔን ግራ አጋባኝ። ተንሸራትታ ጎበዝ ትባላለች፣ እኔ ሳልንሸራተት አፈርኩ። ጥግ ላይ ተቀምጬ ቁራጭ ብረት ስለቅም አባዬ አንድ ጊዜ «ጦጢት፣ አኮረፍሽ?» አለኝ። «ምን ቸገረኝ» አልኩት። ሊያስረዳኝ አልሞከረም፤ ጊዜም አልነበረውም።

ማክሰኞ ኢንጂነሩ መጣ። እህቴ ሃያ ጊዜ ሄደች፣ ሃያ ጊዜ ተመለሰች። ራሱ ኢንጂነሩ፣ ያ ፈገግ የማይል ሰውዬ፣ ጎኗን ሊኮረኩራት ጎንበስ አለ። ሳቀች፣ ተዝለፈለፈች፤ መቀመጫው ግን ይዟታል። ፈረመ።

ዥዋዥዌው ሰኞ ግቢው ውስጥ ተተከለ። መቀመጫው ሰፊ ስለሆነ ልጅ ሁሉ ሊቀመጥበት ፈለገ፤ ተራ ወጣለት። እህቴ አንደኛ ናት። እኔ ሰባተኛ ነኝ። ሰልፉ ላይ ቆሜ ከፊቴ ያሉትን እቆጥራለሁ፤ ያን ነገር ሦስት ሳምንት ሙሉ በሆዴ የተሸከምኩት እኔ፣ አሁን ሰባተኛ። እህቴ ደግሞ አትወርድም። ረዳት መምህርቷ «ይበቃሻል» ስትላት በእምቢታ ራሷን ትነቀንቃለች። ደወል ሊደወል ሲል ሰልፉን ጥሼ ሄድኩና ሰንሰለቱን ያዝኩ።

«ውረጂ፣ የኔ ነው።»

«የ…ኔ… ነው።»

ጸጉሯን ሳብኩ። እሷ ደግሞ ክንዴን አገኘችና በጥርሷ ነከሰችኝ፤ አልለቅም አለች፤ ሁለት መምህራን ናቸው ያላቀቁን።

ከሰዓት በኋላ እኔው ራሴ የታጠፈች ወረቀት ይዤ እቤት ገባሁ። እማዬ መኪናዋን አቁማ አነበበችው። «ሁለቱ ልጆችዎ በእረፍት ሰዓት በዥዋዥዌ ተራ ተጣልተው ተደባድበዋል። ታናሽየዋ የታላቋን ጸጉር ስባለች፤ ታላቂቱ ታናሿን ነክሳለች። ሁለቱም ጥፋተኞች ስለሆኑ ወላጅ ነገ ጠዋት ቀርቦ ያነጋግር።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። እኔ አዋረድናት ብዬ ተርበተበትኩ። «እማዬ ሁለተኛ አይለመደኝም» እያልኩ እግሯ ስር ተቀመጥኩ።

«ነከሰችሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«የቱ ጋ? አሳይኝ።»

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋት። የጥርሷ ምልክት በደንብ ይታይ ነበር። እማዬ ረጅም ሰዓት አየችው፣ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ እንባዋም አላቆመም። ከዚያ በፊት ከትምህርት ቤቱ ስለ እህቴ ሦስት ጊዜ ተጠርታለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ብትወስዷት ተብላ። ልጅሽ አጥፍታለችና ነይ ሲሏት ይህ የመጀመሪያው ነው። ይህን እኔ የተረዳሁት ወረቀቷን፣ ተጣጥፋ፣ እማዬ ከሞተች በኋላ ከልደት ምስክር ወረቀታችን ጋር ሳገኛት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለክብር የምታስቀምጠውን ቀሚስ ለበሰች። ዳይሬክተሯ በር ላይ የረባሽ ልጆች እናቶች ተሰልፈዋል፤ የመናከሱ ወሬ ቀድሞን ደርሷል፤ እኛን ግራና ቀኝ አድርጋ ከመጨረሻው ቆመች። ከፊቷ ያለችው ሴት ዞር ብላ አየችን፤ እህቴን ዓይታ ደግሞ አዘነች።

«የኔ እህት፣ እርስዎ ደግሞ የተነካሿ እናት ነዎት?»

«የነካሿም» አለች እማዬ።